በወይዘሮ ማንአለሽ ይታየው ስም ችሎት አይዘጋም

ከጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የፍትሕ ፍላጎት ጥናት ማኅበር ለአባላት፣ ለሠራተኞችና ለሕዝብ የተሰጠ የሀዘን መግለጫ
ንፋስ መውጫ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ማኅበራችንን ከመሠረቱት አንዷ፣ ጠበቃና የጥናት ክፍላችን ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ማንአለሽ ይታየው፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በጥር ወር መጨረሻ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ቤተሰባቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ከሦስቱም አካባቢዎች መንገድ ችለው የመጡ ወዳጆቻቸው በተገኙበት በመካነ ኢየሱስ ተፈጽሟል። ማኅበሩ የተሰማው ሀዘን ጥልቅ ነው። ቁጣውም ከሀዘኑ አያንስም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ይህ መግለጫ በቀብሩ ማግስት መውጣት ነበረበት። የዘገየው ሌላ መግለጫ ስለቀደመን ነው። ስሙን እዚህ የማንጽፈው አንድ መሥሪያ ቤት፣ እኛ ገና ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለን ባወጣው የሀዘን መግለጫ፣ ወይዘሮ ማንአለሽን "የአካባቢያችን ሕዝብ አለመግባባቱን በመቻቻል የሚፈታና ችሎት ደጃፉ ድረስ እንዲመጣለት የማያስፈልገው መሆኑን በጥናት ያረጋገጡ ምሁር" ሲል አሞግሷቸዋል። በዚያው ገጽ፣ ለነፍሳቸው ዕረፍት ከመመኘቱ አንድ አንቀጽ ቀደም ብሎ፣ በስማዳ ቆላ የሚሰየመው ተዘዋዋሪ ችሎት እንዲታጠፍ "በሟች ጥናት መነሻነት" በመጋቢት በአዳራሹ ለሚጠራው ስብሰባ ሐሳብ እንደሚያቀርብ አስታውቋል። የመሥሪያ ቤቱን ስም ያልጻፍነው ፈርተን አይደለም። ስሙ ከእሳቸው ስም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ እንዲቀመጥ ስላልፈለግን ነው።

ወይዘሮ ማንአለሽ እንዲህ ያለ ነገር አላረጋገጡም። ያረጋገጡት ተቃራኒውን ነው። አንባቢ ራሱ እንዲፈርድ የሥራ ታሪካቸውን በዓመቱ ቅደም ተከተል እናቀርባለን። ረዘም ቢል ይታገሡን፤ ሐሰቱ በአንድ መስመር ተጽፎ አልቋል፣ እውነቱ ግን በአንድ መስመር አይነገርም።

ወይዘሮ ማንአለሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ ይታየውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበች በ1966 ዓ.ም. በመካነ ኢየሱስ ተወለዱ። አባታቸው የድጓ ማስመስከሪያ እስከሆነችው ቤተ ልሔም ዘልቀው በድጓ የተመሰከረላቸው መምህር ነበሩ። ወይዘሮ ማንአለሽ ከጉባኤው ባይቀመጡም፣ ተማሪ አንዲት ምልክት በሳተ ቁጥር ከመጀመሪያው እንዲያዜም በሚታዘዝበት ቤት አድገዋል። ከእሳቸው ጋር የሠራ ሰው ሁሉ ይህን አስተዳደግ በራሱ ረቂቅ ላይ አይቶታል።

በ1990 ዓ.ም. በሕግ ተመርቀው በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ ለብዙ ዓመታት በጥብቅና ሠርተዋል። በእነዚያ ዓመታት ቢሯቸው ይመጣ የነበረው ባለጉዳይ ከሞላ ጎደል ወንድ፣ የከተማ ሰው ወይም የሚከፍል ዘመድ ያለው ነበር። ሌላው ጠበቃ በመጣለት ጉዳይ ሲጠመድ፣ እሳቸው የማይመጣው ማን እንደሆነና ለምን እንደማይመጣ ይጠይቁ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ይህ ማኅበር ሲመሠረት የጥናት ክፍሉን እንዲመሩ ተመረጡ። ደመወዛቸው ከጥብቅናው ገቢ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ይህን እዚህ የምናነሣው ለማሞገስ አይደለም፤ ያ መሥሪያ ቤት በሕይወት ሳሉ በየስብሰባው "የፕሮጀክት ሴትዮ" እያለ ይጠራቸው እንደነበር ለማስታወስ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጥናት መሩ። መጠይቁን ያዘጋጁት ራሳቸው ሲሆኑ፣ ዋናው ጥያቄ በሕግ ሊታይ የሚገባ ችግር ገጥሞዎት ያውቃል ወይ የሚል ነበር። ጋይንት ተጠየቀ፣ ስማዳ ተጠየቀ፣ እስቴም ተጠየቀ። መልሱ በየቤቱ አንድ ሆነ፦ የለም፣ ተመስገን። ረቂቁ ሲጠናቀር የሦስቱ አካባቢዎች ሕዝብ የፍትሐ ብሔር ችግር እጅግ አነስተኛ እንደሆነ የሚናገር ሰነድ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ ይህን ረቂቅ በጣም ወደደው። ገና ሳይታተም በየንግግሩ ይጠቅሰው ጀመር።

ጥናቱ የተሳሳተበትን ቦታ ያገኙት በስማዳ ቆላ፣ የመስኩ ሥራ ሲገባደድ ነው። ወይዘሮ ጌጤ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አዛውንት፣ ለመጠይቁ "እኔ ችሎት ቆሜ አላውቅም፣ የጨዋ ልጅ ነኝ" የሚል መልስ ከሰጡ በኋላ እንግዶቹን ሊሸኙ እስከ ማሳው ዳር ወጡ። ጤፍ እየታጨደ ነበር። ወይዘሮ ማንአለሽ ለወግ ያህል ማሳው የማን እንደሆነ ጠየቁ፤ የወይዘሮ ጌጤ ነበር።

"ማን ያርስልዎታል እናቴ?"

"የባሌ ወንድም ነዋ።"

"የምርቱን እኩሌታ ያገባልዎታል?"

"አዬ ልጄ፣ እሱ እኮ እኔንም ከወንድሙ ጋር የቀበረኝ መስሎታል።"

አጫጆቹ ሳቁ። ወይዘሮ ጌጤም አብረው ሳቁ። ወይዘሮ ማንአለሽ ግን በዚያ መንገድ ላይ መጠይቁን በሙሉ እንደጣሉት በኋላ ለባልደረቦቻቸው ተናግረዋል። በዚህ መግለጫ የወይዘሮ ጌጤ ስም የተጠቀሰው በፈቃዳቸው ነው። ሲጠየቁ የሰጡት መልስ "ጻፉት፤ እሱም ይስማ" የሚል ነው። ዛሬ ተከራካሪያቸው የሆነውን የባላቸውን ወንድም ስም የማንጠቅሰው ጉዳዩ ገና በችሎት ስላለ ነው። እኛ ገና ያልተፈረደበትን ሰው አንፈርድበትም።

ስህተቱ ምን እንደነበር ለማያውቅ አንባቢ እንግለጽ። በአገራችን ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት፣ ጧሪ የሌለው ሽማግሌና አካሉ የተጎዳ ሰው መሬታቸውን ምርቱን እኩል ለሚካፈል እኩል አራሽ ይሰጣሉ። አራሹ በመጀመሪያው ዓመት እኩሌታውን ያገባል። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡን አመካኝቶ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ያለ ምክንያት ይቀንሳል፤ ቀጥሎም ማግባቱን ይተዋል። በመጨረሻ መሬቱ የራሱ እንደሆነ ለጎረቤት ይናገራል፤ ጎረቤትም ሲያርሰው ስላየ ያምነዋል። የይዞታ ማረጋገጫው በሴትየዋ ስም፣ በሴትየዋ ሣጥን ውስጥ ነው። መሬቱ ሌላ ሰው እጅ ነው። እሷ ይህን የሕግ ችግር ብላ አትጠራውም። ዕድሌ ነው ትላለች። በእኛ ዘንድ ችሎት መቆም ነውር ነው፤ በሕግ የሚታይ ችግር አለብሽ ወይ ሲሏት ሌብነት ወይም ጠብ የተጠየቀች ይመስላታል። የለም ማለቷ ክብሯን መጠበቋ ነው። መጠይቁ ክብሯን ቆጥሮ ችግር የለባትም ብሎ ጻፈ።

በ2010 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ በጠራው ስብሰባ ላይ ረቂቁ እንደ ታላቅ ውጤት ሊቀርብ በአጀንዳ ተይዞ ነበር። ወይዘሮ ማንአለሽ ተነሥተው ጥናቱን መሳባቸውን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም በስማቸው እንዳይጠቅሰው መጠየቃቸውን አስታወቁ። መድረኩን ይመሩ የነበሩት ኃላፊ ተሰብሳቢውን ፈገግ እያሰኙ፣ "እህቴ፣ ሕዝቡ ጤነኛ ነኝ ሲልሽ በግድ መርፌ ልትወጊው ነው?" አሏቸው። ተሰብሳቢው ሳቀ። የሰጡት መልስ በስብሰባው ቃለ ጉባኤ አልሰፈረም፤ እዚያ የነበርነው ግን ሰምተነዋል።

"ሕዝቡ ጤነኛ ነኝ አላለም፤ ክስ የለብኝም ነው ያለው። አጠያየቁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የማርመውም እኔ ነኝ። እርስዎ የወደዱት ስህተቴን ነው።"

መሥሪያ ቤቱ በሀዘን መግለጫው የጠቀሰው ጥናት ይኸው ነው፤ አጥኚዋ ራሳቸው በአደባባይ የጣሉት፣ በማኅበሩ ማኅተም ያልወጣ፣ ያልታተመ ረቂቅ። በሕይወት ሳሉ ይህን ረቂቅ በስማቸው ሊጠቅስ በሞከረ ጊዜ ሁሉ ተነሥተው ያስቆሙት ነበር። አሁን መነሣት እንደማይችሉ አውቆ ጠቀሰው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛው ጥናት ተካሄደ። ወይዘሮ ማንአለሽ ለጠያቂዎች ያወጡት ደንብ አጭር ነበር። ተጠያቂው ራሱ ካላነሣው በቀር ጠያቂ "ሕግ" እና "ፍርድ ቤት" የሚሉትን ቃላት አይጠቀምም። ጥያቄው ከማሳው ይጀምራል፤ ማን ያርሳል፣ ማን ያጭዳል፣ ምርቱ ወደ ማን ጎተራ ይገባል። ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቃለ መጠይቅ አይደረግም። ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ደንብ ግን የማደሪያው ነበር፤ ጠያቂ የራሱን ስንቅ ይበላል እንጂ በገበሬ ቤት አይስተናገድም። በገጠራችን እንግዳ የሚያስተናግደው የተሻለ ኑሮ ያለው ገበሬ ነው፤ ያ ገበሬም ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው መሬት የሚያርሰው ነው። የበላ እንግዳ ደግሞ በአስተናጋጁ ላይ ክፉ አይጽፍም። ስለዚህ "የማንን እህል እንደበላችሁ ሳታውቁ አንድም ሰው አትጠይቁ" ይሉ ነበር። ወጣት ጠያቂዎች ስንቅ ተሸክመው መዞር አሳፈራቸው፤ ባላገሩም ቅር አለው። ደንቡ ግን አልተነሣም።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ደረሰ። ቢሯችን ጠረጴዛም መዝጊያም አልተረፈለትም፤ የተሰበሰበው መረጃ አብዛኛው ጠፋ። ጥናቱ እንዲቀር ሐሳብ ያቀረበ አባል ነበር። ወይዘሮ ማንአለሽ ግን መንገድ በተከፈተ ሳምንት ወደ እስቴ ተሳፈሩና ከመጀመሪያው ቀበሌ እንደገና ጀመሩ።

በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ጥናት ታተመ። ያረጋገጠው የሚከተለውን ነው። በሦስቱ አካባቢዎች የፍትሐ ብሔር ችግር አለ፤ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም መሬትና ውርስ ነው። ችግሩ ካለባቸው ሴቶች መካከል ፍርድ ቤት የደረሱት ከአሥር አንዷ እንኳ አይሞሉም። ያልደረሱት ስለታረቁ አይደለም። ከተማው ሩቅ ስለሆነ፣ ክስ የሚጽፍላቸው ስለሌለ፣ ችሎት መቆም ነውር ስለሆነና ከእነሱ ጋር መንገድ የሚሄድ ወንድ ዘመድ ራሱ መሬቱን የያዘው ሰው ስለሆነ ነው። "መቻቻል" የሚለው ቃል በጥናቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ እሱም ከባለሥልጣን ንግግር የተወሰደ ጥቅስ ነው።

ጥናቱ ሽምግልናን ያዋርዳል የሚል ወሬም ተነዝቶ ነበር። ይህም መልስ ይፈልጋል። ጋይንት ውስጥ በአስታራቂነታቸው የሚታወቁት ቄስ አወቀ የሁለተኛው ጥናት ረቂቅ ሲነበብላቸው በመጀመሪያ ተቆጥተው ነበር። ወይዘሮ ማንአለሽ ተቃውሟቸው እንዳለ እንዲጻፍ አዘዙና ጥናቱን እስከ መጨረሻው አነበቡላቸው። ቄሱ ከዚያ በኋላ የተናገሩት በጥናቱ መግቢያ ላይ በፈቃዳቸው ታትሟል፦ "እኛ የምናስታርቀው የተጣላ ሰው ነው። እነዚህ መች ተጣሉ? እሷ ዝም አለች፣ እሱ አረሰ።" መቻቻል ብሎ የጻፈልን መሥሪያ ቤት ይህን ገጽ ቢያነብ ኖሮ ቀሪውን መጻፍ አያስፈልገንም ነበር።

በ2016 ዓ.ም.፣ በዚያ ሁሉ የመንገድ መዘጋት መካከል፣ በጥናቱ ምክረ ሐሳብ መሠረት በስማዳ ቆላ ተዘዋዋሪ ችሎት ተጀመረ። ችሎቱ የሚሰየመው በገበያ ቀን ነው። ይህን የመረጡት ወይዘሮ ማንአለሽ ናቸው፤ ሴት ገበያ ስትወጣ የት እንደምትሄድ የሚጠይቃት የለም። ዕቃዋን ለጎረቤት ታስጠብቅና ዳኛው ፊት ትቆማለች። መንገድ ተዘግቶ ዳኛው ያልደረሰበት ጊዜ አለ። ባለጉዳይ ያልተገኘበት ጊዜ ግን የለም። ወይዘሮ ማንአለሽ እስከታመሙበት ወር ድረስ በየችሎቱ ተገኝተው በነጻ ክስ ይጽፉ ነበር።

ከጻፏቸው ክሶች አንዱ የወይዘሮ ጌጤ ነው። ወይዘሮ ጌጤ ክሱን ለማቅረብ ለመወሰን ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ጨዋነታቸውን እንዴት አድርገው ከችሎቱ ጋር እንዳስታረቁት ወይዘሮ ማንአለሽ ሲተርኩ ደስ ይላቸው ነበር፤ ዳኛው ገበያ ድረስ ከመጣ እኔ አልሄድሁበትም፣ እሱ ነው የመጣብኝ፣ ብለው ነበር አሉ። ምስክሮቻቸው ተሰምተዋል። የተከሳሽ ምስክሮች ለመጋቢት ተቀጥረዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፍርድ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ሐሳብ ከጸደቀ ምን እንደሚሆን በግልጽ እንናገር። ችሎቱ ይታጠፋል። መዝገቡ ወደ ከተማ ይዛወራል። ወይዘሮ ጌጤ ጉልበታቸው የደከመ ሰው ናቸው፤ ከቆላው ተነሥተው ያንን አቀበት በእግራቸው አይወጡትም፣ አብሯቸው የሚወጣም የለም። ከሳሽ በቀጠሮው ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ተከራካሪያቸው ይህን ያውቃል። በዚህ ዓመት መሬቱን እንደገና ሲያርስ ማንም አልከለከለውም፤ ከመጋቢት በኋላ ግን እንዲያርስ የፈቀደለት መንግሥት ይሆናል፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ክሱን በጻፉበት ሴት ስም ይሆናል። ይህን ነው መሥሪያ ቤቱ የሟች መታሰቢያ ያለው።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ይህን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ይቃወማል። የ2009ኙ ረቂቅ በራሳቸው በአጥኚዋ የተሻረ ስለሆነ የሚጠቅሰው ማንኛውም አካል የሚጠቅሰው ወይዘሮ ማንአለሽን ሳይሆን የራሱን ፍላጎት ነው። መሥሪያ ቤቱ በመግለጫው ላይ እርምት እንዲያወጣ በጽሑፍ ጠይቀናል፤ እስካሁን መልስ የለም። የስብሰባ አዳራሹን በስማቸው ሊሰይም ማሰቡን ለቤተሰቡ ያስታወቀ ሲሆን፣ ባለቤታቸው አቶ ኪዳን ችሎቱ እንዲቀር የሚመከርበት አዳራሽ በሚስታቸው ስም እንዲጠራ እንደማይፈቅዱ መልሰዋል። ማኅበሩ ከቤተሰቡ ጎን ይቆማል። ሁለተኛው ጥናት በንፋስ መውጫ ቢሯችን ለጠየቀ ሁሉ በነጻ ይሰጣል፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ተቀምጠን እናነብለታለን። በመጋቢቱ ስብሰባ ብንጋበዝም ባንጋበዝም እንገኛለን። ወይዘሮ ማንአለሽ ስማቸው በሐሰት ሲነሣ ከመቀመጫቸው ይነሡ ነበር፤ ከእንግዲህ የምንነሣው እኛ ነን።

ለእናታቸው ለወይዘሮ ዘነበች፣ ለባለቤታቸው ለአቶ ኪዳን፣ ለልጆቻቸው ለማክዳና ለዳግም፣ ለመላው ዘመድ ወዳጃቸው፣ ስንቅ ይዘው ቀበሌ ለቀበሌ ለዞሩት ጠያቂዎቻችንና በየገበያው ለሚጠብቋቸው ባለጉዳዮች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። መጽናናት ስንል ግን ዝም ማለት ማለታችን እንዳልሆነ፣ ያ መሥሪያ ቤትም ጭምር፣ ሁሉም ይወቅልን።

የወይዘሮ ጌጤን ጉዳይ የሥራ ባልደረባችን ጠበቃ አቶ ቻላቸው ተረክበዋል። በመጋቢቱ የቀጠሮ ቀን ወይዘሮ ጌጤ ቆላ ገበያ ይገኛሉ፤ ጠበቃቸው ይገኛል፤ እኛም እንገኛለን። ስማቸው ሲጠራ አቤት ይላሉ። የሚጠራቸው ዳኛ ካልመጣ ደግሞ ወንበሩን ማን ባዶ እንዳደረገውና በማን ስም እንዳደረገው፣ በዚያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳንደብቅ፣ ገበያው መካከል ቆመን እንናገራለን።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ